ትርጉም ያልተሰጣቸው የተሽከርካሪ ብልሽት ኮዶች፦ መዝገበ ቃላቱ በማን እጅ ነው?

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ይፋ የተደረገውን ውሳኔ ተከትሎ በከተሞቻችን ጎዳናዎች ላይ የሚታዩት ተሽከርካሪዎች ዓይነት በአጭር ጊዜ ውስጥ በጉልህ ተለውጧል። ስለ ለውጡ ሲነገር በአብዛኛው የሚነሡት የነዳጅ ወጪ ቅነሳ፣ የኃይል መሙያ ጣቢያዎች አቅርቦትና የባትሪ ዕድሜ ናቸው። ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በጋራዦች ውስጥ በየዕለቱ የሚያጋጥም፣ በመድረኮች ላይ ግን እምብዛም የማይነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ተሽከርካሪው ሲበላሽ ሕመሙን የሚናገርበትን ቋንቋ በአገር ውስጥ የሚያውቀው ማን ነው?

ሁኔታው ለብዙ ባለንብረቶች እንግዳ አይደለም። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል። ባለሙያው ከመሪው ሥር በሚገኘው ባለ 16 ፒን ሶኬት ላይ ስካነር ይሰካል። ስክሪኑ አንድ ፊደልና አራት አሃዞችን ያወጣል፤ ትርጉሙ ሊነበብበት በሚገባው ቦታ ላይ ግን «ያልታወቀ ኮድ» ወይም «የአምራቹ ልዩ ኮድ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይታያል። ከዚህ በኋላ የሚወሰደው እርምጃ እንደ ባለሙያው ይለያያል። አንዱ ኮዱን አጥፍቶ መኪናውን ይሸኛል። ሌላው የጠረጠረውን ዕቃ እንዲቀየር ያዛል፤ ባለንብረቱም መለዋወጫ ፍለጋ ወደ ሶማሌ ተራ ያቀናል። ዕቃው ተቀይሮ መብራቱ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ሲበራ ገንዘቡ ወጥቷል፣ ብልሽቱ ግን ባለበት ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ስክሪኑ ላይ ከወጣው ቃል አተረጓጎም ነው። ያልተተረጎመ ኮድ ማለት ትርጉም የሌለው ኮድ ማለት አይደለም። ተሽከርካሪው ኮዱን የመዘገበው አንድ የተወሰነ ነገር ለይቶ ነው፤ ያንን ነገር በቃላት የሚገልጸው ሰነድ ግን በስካነሩ ውስጥ የለም። ሰነዱ ያለው በአምራቹ እጅ ነው።

ይህ ለምን ሆነ የሚለውን ለመረዳት የኮዶቹን አመጣጥ ማየት ይጠቅማል። የተሽከርካሪ ብልሽት ኮድ በመጀመሪያ የታሰበው ለባለንብረቱ ወይም ለጋራዡ ምቾት ሳይሆን ለአየር ጥራት ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ የጭስ ብክለት ያስጨነቃት የካሊፎርኒያ ግዛት ተሽከርካሪዎች የጭስ መቆጣጠሪያ ክፍሎቻቸውን ራሳቸው እንዲከታተሉ የሚያስገድድ ደንብ አወጣች፤ ደንቡም እ.ኤ.አ. ከ1988 ሞዴል ጀምሮ ተግባራዊ ሆነ። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ሶኬትና የራሱን ኮድ ይጠቀም ነበር። ሁለተኛው ትውልድ ማለትም ኦቢዲ 2 እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ለሚሸጡ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ሁሉ ግዴታ ሲሆን አንድ ዓይነት ሶኬትና አንድ ዓይነት የኮድ አጻጻፍ አብሮ መጣ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 በቤንዚን አውቶሞቢሎች ላይ ተመሳሳይ ግዴታ ጣለ፤ ናፍጣዎቹም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተሉ።

ግዴታው የቆመው ግን ጭስ ላይ ነው። ሕጉ «ከጭስ ጋር የሚገናኘውን ብልሽት ማንም ባለሙያ ሊያነበው በሚችል የጋራ ቋንቋ ንገሩ» አለ፤ የቀረውን ለአምራቾች ተወ። ዛሬ በጋራዦቻችን የሚታየው ችግር ሥሩ ያለው እዚህ ነው።

ኮዱን እንዴት እናንብበው?

የኮዱ የመጀመሪያ ፊደል ብልሽቱ በየትኛው የመኪናው ክፍል እንደተመዘገበ ያሳያል። ፒ ሞተርንና ኃይል አስተላላፊውን፣ ሲ ፍሬንን፣ መሪንና ሞላን የመሳሰሉ የሻንሲ ክፍሎችን፣ ቢ ኤርባግን፣ በርንና የመሳሰሉትን የቦዲ ክፍሎች ይወክላሉ። ዩ ደግሞ በመኪናው ውስጥ ያሉ ኮንትሮል ዩኒቶች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መስመር ይመለከታል። ቁልፉ ያለው ከፊደሉ ቀጥሎ በሚመጣው አሃዝ ላይ ነው። 0 ከሆነ ትርጉሙ ለሁሉም አምራቾች የጋራ ነው፤ 1 ከሆነ የአምራቹ የግል ነው። በፒ ኮዶች 2 ቁጥርም በአብዛኛው የጋራ ሲሆን 3 ቁጥር ለሁለቱም ተከፋፍሏል።

በመሆኑም ፒ0300 በየትኛውም መኪና ላይ ቢነበብ የሞተሩ ሲሊንደሮች በትክክል አለማቃጠላቸውን ይናገራል፤ ፒ0420 የካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ብቃት ከተፈቀደው በታች መውረዱን ያመለክታል። ፒ1349 ግን በቶዮታ ሞተሮች ላይ የቫልቮችን የመክፈቻ ጊዜ የሚቆጣጠረውን ሥርዓት ብልሽት የሚገልጽ የቶዮታ የራሱ ኮድ ነው። ይኸው ቁጥር በሌላ አምራች መኪና ላይ ቢገኝ ያንኑ ይላል ብሎ መገመት አይቻልም። በዋጋ ርካሽ የሆኑ አንዳንድ ስካነሮች ይህን ልዩነት ሳይጠብቁ የአንዱን አምራች ትርጉም ለሌላው ይሰጣሉ። «አላውቅም» የሚል መሣሪያ ከዚህ ይሻላል፤ የተሳሳተ ትርጉም ያነበበ ባለሙያ ፍለጋውን ያቆማልና።

ኮዱ የአምራቹ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን በሌሎች ምክንያቶችም «ያልታወቀ» ሊባል ይችላል። የጋራ ኮዶቹ ዝርዝር የሚወጣው ኤስኤኢ በሚባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ሲሆን በየጊዜው ይታደሳል፤ ሶፍትዌሩ ለዓመታት ያልታደሰ ስካነር በኋላ የተጨመሩትን አያውቃቸውም። አዳዲስ ተሽከርካሪዎች ደግሞ ከአምስቱ ምልክቶች በኋላ ተጨማሪ ሁለት አሃዞችን ያስከትላሉ። ለምሳሌ ዩ0100-87 በሚለው ኮድ ዩ0100 ከሞተሩ ኮንትሮል ዩኒት ጋር ያለው ግንኙነት መቋረጡን፣ 87 ደግሞ የሚጠበቀው መልእክት አለመድረሱን ይገልጻሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የብልሽቱን ጠባይ የሚናገሩ በመሆናቸው ባለሙያውን ብዙ ድካም ያድኑታል፤ አሮጌ ስካነር ግን ወይ ይቆርጣቸዋል ወይ ኮዱን በሙሉ ያልታወቀ ያደርገዋል።

ከሁሉም ቀላሉና ከሁሉም የሚዘነጋው ምክንያት ግን የ12 ቮልት ባትሪ መድከም ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ ኮንትሮል ዩኒቶቹ መነጋገር ያቅታቸዋል፤ እያንዳንዱም ሌላው ጠፋብኝ ብሎ ይመዘግባል። እንዲህ ያለ መኪና ሲነበብ ስክሪኑ በኮዶች ይሞላል፤ ግማሾቹም ያልታወቁ ይሆናሉ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በራሱ መኪና ላይ ይኸው ደርሶበታል። በአንድ ጋራዥ ያልተተረጎመ ኮድ ተነብቦ ሴንሰር ተቀየረ፤ ኮዱ ተመለሰ፤ ሁለተኛ ሴንሰር ተቀየረ። በስተመጨረሻ የተገኘው ምክንያት ባትሪውን ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚያገናኘው የኔጋቲቭ ገመድ ጫፍ በዝገት መበላቱ ነበር። ገመዱን በሽቦ ብሩሽ ለማጽዳት አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

የኤሌክትሪክ መኪናው የት ላይ ይለያል?

በነዳጅ መኪና ላይ ያልተተረጎመ ኮድ የሚያስከትለው በአብዛኛው የገንዘብና የጊዜ ብክነት ነው። አብዛኞቹ አሳሳቢ የሞተር ብልሽቶች ከጭስ ጋር ስለሚያያዙ በጋራ ቋንቋው ውስጥ ይገኛሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ጭስ የለውም። ጭስ ከሌለ ደግሞ በጭስ ላይ የተመሠረተው የኦቢዲ ግዴታ በእርሱ ላይ የሚጠይቀው አይኖርም። ለዚህም ነው ለብዙ ዓመታት የኤሌክትሪክ መኪና አምራቾች ብልሽትን በፈለጉት ቁጥርና በፈለጉት መንገድ እንዲመዘግቡ የተተወላቸው። ለነዳጅ መኪና በቂ የነበረው ስካነር ወደ አንዳንዶቹ ሲሰካ ጨርሶ መልስ አያገኝም።

የጋራ ዝርዝሩ ለሃይብሪድና ለኤሌክትሪክ መኪናዎች የሰጣቸው ኮዶች መኖራቸው እርግጥ ነው። ፒ0ኤኤ6 ከእነርሱ አንዱ ሲሆን በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሩና በመኪናው አካል መካከል ያለው የኤሌክትሪክ መከላከያ መላላቱን ያስጠነቅቃል። በዓለም አቀፍ የደኅንነት ደንቦች ከ60 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት በላይ ያለው መስመር ከፍተኛ ቮልቴጅ ተብሎ የሚመደብ ሲሆን የብዙዎቹ መኪናዎች ባትሪ ከ300 ቮልት በላይ ይሠራል። ይህ መስመር ከመኪናው ብረት ፈጽሞ ተለይቶ መቆየት አለበት። አንድ አምራች ይህንኑ ብልሽት በራሱ ቁጥር ቢመዘግበው በአገር ውስጥ ያለው ተራ ስካነር «ያልታወቀ ኮድ» ይላል። የአየር ማቀዝቀዣው አንድ ሴንሰር ቢደክምም መልሱ ያው «ያልታወቀ ኮድ» ነው። ሕይወትን የሚያሰጋውና የማያሰጋው በአንድ ዓይነት ቃል መነገራቸው የጉዳዩን ክብደት ያሳያል። አንዱን መኪና ቆሞ እንዲጎተት፣ ሌላውን ሥራውን እየሠራ ተራ እንዲይዝ ለመወሰን ባለሙያው የሚይዘው ነገር የለውም።

በአገራችን ሁኔታ ላይ የሚጨመር ሌላ ነገር አለ። ከምናስገባቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ለቻይና የውስጥ ገበያ ነው። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየው የቮልስዋገን አይዲ 6 ለአብነት የሚመረተውም የተዘጋጀውም ለቻይና ገበያ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ስሙ አውሮፓዊ ቢሆንም በአውሮፓ የሚሸጡትን ሞዴሎች የሚያውቅ ስካነር በሙሉ ላያነበው ይችላል፤ የጥገና መመሪያውም በቻይንኛ የተጻፈ ነው። የመኪናውን ስክሪን ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ መቀየር ለብዙ አስመጪዎችና ባለሙያዎች የተለመደ ሥራ ሆኗል። የብልሽት ኮዶቹን ቋንቋ መቀየር ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም፤ የአምራቾች የምርመራ ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ ከአምራቹ ሰርቨር ጋር በኢንተርኔት እየተገናኘ የሚሠራ፣ ፈቃድና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

መረጃው በአምራቹ እጅ ብቻ መቅረቱ ገለልተኛ ጋራዦችን ከገበያ እንደሚያስወጣ የተረዱ አገሮች ጉዳዩን በሕግ ይዘውታል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2012 የመጠገን መብትን የሚያረጋግጥ ሕግ ካወጣች በኋላ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2014 በመላ አገሪቱ የሚሠራ የመግባቢያ ስምምነት ተፈራርመዋል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አምራቾች የጥገና መረጃን ለገለልተኛ ጋራዦች ያለ አድልዎ፣ በተመጣጣኝ ክፍያ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ ቁጥር 858 ይህንኑ አጠናክሮታል። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2022 ባጸደቀችው ደንብ ከ2026 ሞዴል ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪናዎች የባትሪ ጤንነትንና የብልሽት መረጃን በጋራ ቋንቋ እንዲያቀርቡ ወስና ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ኮንግረስ ደንቡ የቆመበትን ፈቃድ በመሻሩ ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ቀርቧል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የደቡብ አፍሪካ ተሞክሮ ነው። የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን ያወጣውና ከሐምሌ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ ባለንብረቶች ዋስትናቸውን ሳያጡ ገለልተኛ ጋራዥ እንዲመርጡ፣ ገለልተኛ ጋራዦችም የቴክኒክ መረጃ እንዲያገኙ መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። በደቡብ አፍሪካም ሆነ በአውሮፓ መኪናውን የሚሸጠው አምራቹ ራሱ ወይም ወኪሉ ስለሆነ ሕጉ የሚይዘው አካል አለ። ወደ እኛ ከሚገቡት መኪናዎች ብዙዎቹ የሚመጡት ከአምራቹ ጋር የውክልና ውል በሌላቸው አስመጪዎች አማካይነት ነው። አምራቹ «እኔ ለእናንተ አልሸጥኩም» ሊል ይችላል፤ አባባሉም ከሕግ አንጻር ባዶ አይደለም።

ስለዚህ በዚህ ጸሐፊ እምነት በአገራችን ግዴታው ሊያርፍ የሚችለው መኪናውን ባስገባው አካል ላይ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሊጠገን የማይችል መኪና ሲሸጥ ገዥው ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። አስመጪው ለአንድ ሞዴል የሚሆን የምርመራ ሶፍትዌርና የኮዶች ዝርዝር ይዞ እንዲመጣ መጠየቅ የሽያጭ ዋጋውን በመጠኑ ሊጨምር እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ይህን የሚቃወሙ ነጋዴዎችም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ሆኖም ወጪው ከየትም አይቀርም። አሁን ባለው አሠራር ወጪው ተቆራርጦ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በግምት በሚቀየሩ ዕቃዎች መልክ በባለንብረቱ ላይ ይወድቃል።

ሕግ እስኪወጣ ሳይጠበቅ ሊሠራ የሚችልም አለ። በየጋራዡ በየዕለቱ የሚፈቱ ብልሽቶች አሉ። ያልታወቀ የተባለ ኮድ መጨረሻው ምን ሆኖ እንደተገኘ የሚያውቀው ግን የፈታው መካኒክ ብቻ ነው፤ ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር ይቀራል። ኮዱን፣ የመኪናውን ሞዴልና የምርት ዘመን፣ በመጨረሻ ችግሩን የፈታውን ሥራ የያዘ መዝገብ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አስተባባሪነት በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ቢሰበሰብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአገሩ መንገድ፣ አቧራና ከፍታ የሚስማማ መዝገበ ቃላት ይሆናል። የአምራቹን ሰነድ አይተካም፤ ከባዶ ስክሪን ግን እጅግ ይሻላል።

ባለንብረቶች እስከዚያው ሊያስተውሉት የሚገባ

ኮዱ ከመጥፋቱ በፊት መጻፍ አለበት። ስካነሩ ኮድን ሲያጠፋ ብልሽቱ በተከሰተበት ቅጽበት የተመዘገበውን የፍጥነት፣ የሙቀትና የሞተር ዙር መረጃ አብሮ ይደመስሳል፤ ለባለሙያው ከኮዱ ስም ይልቅ የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ ይህ መረጃ ነው። የስክሪኑን ፎቶግራፍ ማንሣት በቂ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ከኮዱ በኋላ የሚመጡት ሁለት አሃዞች፣ ኮዱ የጸና ወይም ገና በመጠባበቅ ላይ ያለ መሆኑን የሚገልጸው ቃልና የኪሎ ሜትሩ ንባብ ሊታዩ ይገባል። በሊብሬው ላይ የሰፈረው የሻንሲ ቁጥርም አብሮ መያዝ አለበት፤ በዘመናዊ መኪናዎች 17 ምልክቶች ያሉት ይህ ቁጥር መኪናው ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ ለባለሙያው ይጠቁመዋል።

የመብራቱ ቀለም ኮዱ ከመነበቡ በፊት የሚናገረው አለ። ቢጫ መብራት መኪናው በቅርቡ እንዲታይ ያሳስባል። ቀይ መብራት ሲበራ መኪናው ደኅንነቱ በተጠበቀ ቦታ መቆም አለበት። በቤንዚን መኪና ላይ የቼክ ኢንጅን መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ እየገባ ሊያበላሸው ስለሚችል መንዳት ማቆም ይገባል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅን የሚመለከት ማስጠንቀቂያ ከታየ ኮፈን ከፍቶ ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች መነካካት ለባለንብረቱም ሆነ ልዩ ሥልጠና ላልወሰደ መካኒክ የተከለከለ ነው። ብርቱካንማው ቀለም የተመረጠው ለዚሁ ማስጠንቀቂያ ነው።

ኮዱ ያልታወቀ ሆኖ መኪናው ሌላ ምልክት ካላሳየ ማንኛውም ዕቃ ከመቀየሩ በፊት የ12 ቮልቱ ባትሪ ይለካ። መኪናው አርፎ ሲለካ ጤነኛ የእርሳስ-አሲድ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ይህ አነስተኛ ባትሪ አላቸው፤ እርሱ ሲደክም ትልቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አልነሣም ሊል ይችላል። የገመዶቹ ጫፎች ይጽዱ፤ ይጥበቁ። ከዚያ በኋላ ኮዱ ተመዝግቦ ይጠፋና መኪናው ለጥቂት ቀናት እንደተለመደው ይነዳል። ተመልሶ ካልመጣ ምክንያቱ የቮልቴጅ መውረድ ነበር ለማለት ይቻላል። ያው ኮድ በተመሳሳይ ሁኔታ ከተመለሰ ግን ብልሽቱ እውነተኛ ነው፤ ባለንብረቱ የያዘውን ፎቶግራፍና የሻንሲ ቁጥር ይዞ ለዚያ አምራች የተዘጋጀ የምርመራ መሣሪያ ወዳለው ጋራዥ ሊሄድ ይገባል። ወደ ጋራዡ ሲደርስም በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት የአገልግሎቱን ዋጋ ሳይሆን መሣሪያው ለዚያ ሞዴልና ለዚያ የምርት ዘመን የታደሰ መሆኑን ነው።